ዶዘር ላስገባ ወይስ ቤቱን በደረጃ ላውርደው? (ደብረ ማርቆስ፣ ተዳፋት ቦታ)

የመንቆረር ልጅ

እንዴት ሰነበታችሁ። ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ 500 ካሬ የሚሆን የወላጆቻችን ይዞታ አለ። ቤት ልንሠራበት ነው። ቦታው ተዳፋት ነው። ከምሥራቁ መንገድ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ከላይ እስከ ታች 4 ሜትር ገደማ ልዩነት አለው። መሀል ላይ ትልቅ ወይራ አለ። አያቴ እሱ ልጅ እያለም ያንኑ ያህል እንደነበር ይነግረን ነበር። ከወይራው ከፍ ብሎ ጥቁር ቋጥኝ ከመሬት ብቅ ብሏል። ሰማይ ሲጠራ በሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ይታያል።

ፕላን አሠርተናል። ጂ ፕላስ 1 ነው። ቦታው በዶዘር ይስተካከላል፤ የላይኛው ይቆረጣል፣ የታችኛው ይሞላል። ወይራው ይነሳል፤ ቋጥኙም ይሰበራል። ሳሎኑ በምዕራብ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ቆርቆሮው ከፓራፔት (ከጣሪያው ዙሪያ ከፍ ብሎ ከሚቆም አጭር ግድግዳ) ጀርባ ተደብቋል። ሥዕሉ ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ያው ሥዕል አዳማም ሐዋሳም ቢቆም ለውጥ የለውም። የሠራው ሰው ቦታውን በፎቶ እንጂ በአካል አላየውም።

ታላቅ ወንድሜ «ዶዘር አስገባና ገላግለን» ይላል። እናታችን ደግሞ «ወይራውን ከነካችሁ እዚያ ቤት አልገባም» ብላለች። የሠራችሁ፣ የምታውቁ፣ እስቲ ምከሩኝ።

ባሕር ዳር 150 ካሬ

አይ ወንድሜ፣ 500 ካሬ ይዞ መጨነቅ! እኛ በማኅበር የደረሰን 150 ካሬ ነው። አጥሩን ስታቆምበት፣ የመኪናውን ቦታ ስትቀንስ፣ ሴፕቲክ ታንክ ስትቀብርበት፣ የምትቀረው መሬት ልብስ ለማስጫም አትበቃ። ስለ መልክዓ ምድር ሲወራ ቅናት ነው መሰለኝ ይነደኛል። አስገባ ዶዘሩን።

ግንበኛው

ቆይ፣ ዶዘሩ አይቸኩል።

ከደጀን እስከ ቡሬ ሠርቻለሁ። ግማሹ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተሞላ መሬት ላይ የቆመ ቤት ብዙ አይቻለሁ። የተቆረጠው በኩል ነባር መሬት ነው፤ አይነቃነቅም። የተሞላው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል። ቤቱ አንድ፣ መሬቱ ሁለት። መሀሉ ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ባለቤቱ በጂፕሰም ደፍኖ ቀለም ይቀባዋል። በሚቀጥለው ክረምት ስንጥቁ ይመለሳል።

ሙሌት እሠራለሁ ካልክ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው። ዶዘር የገፋውን አፈር መደልደል ሙሌት አይባልም። ካልሆነ ኮለንህን ሙሌቱን አሳልፈህ ነባሩ መሬት ላይ ማሳረፍ አለብህ። ከዚያ ደግሞ የታችኛው ጫፍ አፈሩን የሚደግፍ ግንብ ይፈልጋል። 2 ሜትር ሙሌት የሚይዝ ግንብ ቀልድ አይደለም። ከጀርባው ጠጠር፣ በሆዱ የውሃ መውጫ ቱቦ ከሌለው ውሃ ተጠራቅሞ ይገፋዋል፤ አንድ ቀን ይገለበጣል። ይህን ሁሉ ደምርና «ማስተካከል ይረክሳል» በለኝ።

የአባቶቻችንን ካብ እይ። ተዳፋቱን አንድ ጊዜ አይቆርጡትም። በትንሽ በትንሹ እርከን ያደርጉታል፤ ውሃው በድንጋዩ መሀል ያልፋል።

አሁን አፈሩን ንገረኝ። ቀይ ነው ወይስ መረሬ (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር)? ጉድጓድ አስቆፍር፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ 2 ሜትር ጥልቀት። መረሬ ከሆነ የወይራውም ነገር ይለወጣል።

የመንቆረር ልጅ

የወይራው ነገር ለምን ይለወጣል?

ግንበኛው

መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በበጋ ቢቸና በኩል ውረድና እይ፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛለህ። ትልቅ ዛፍ ደግሞ በበጋ በሥሩ ዙሪያ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል። ስለዚህ በዛፉ በኩል ያለው መሠረት ይሰምጣል፤ የሌላው በኩል ባለበት ይቆማል። እንደዚያ ያለ መሬት ላይ ከሆንክ ወይ ቤቱን ከዛፉ ታርቃለህ፣ ወይ መረሬውን አውጥተህ በገረጋንቲ (ጠጠር ባለው የሙሌት አፈር) ትተካለህ፣ ወይ መሠረትህን ከመረሬው በታች ታወርዳለህ። ዛፍ መውደድ ብቻውን አይበቃም።

ቀይ አፈር ከሆነ እፎይ በል። ባሕር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ግን በየትኛውም አፈር አርቀው እልህ ነበር።

ከሩቅ

ሁላችሁም ስለ ብሎኬትና ኮለን ታወራላችሁ። ለምን ጎጆ አይሠራም? ክብ ቤት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ከጎጃም መልክዓ ምድር ጋር ከዚህ በላይ የሚስማማ ምን አለ? እኔ በምኖርበት አገር ሰው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ለማደር ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። እኛ የራሳችንን ንቀን የሰው መስታወት እንለጥፋለን።

የደጀኗ

ልጄ፣ አንድ ሌሊትማ ምን አለበት። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በሣር ክዳን ነው።

የሣር ክዳን የሚቆየው በጭስ ነው። ከሥሩ ምድጃ ይነዳል፤ ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርራል። ያን ጭስ ግን ክዳኑ ብቻውን አልጠጣውም፤ የእናቴም ዓይን አብሮ ጠጥቶታል። እሳት የማይነድበት ሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል። ቱሪስት የሚያድርባቸው ጎጆዎች በየጊዜው ክዳናቸው የሚለወጠው ወደው አይደለም። ሣሩስ ከየት ይመጣል? የግጦሹ መሬት ታርሶ አለቀ። ደግሞ አንድ ቤት እሳት ሲይዝ መንደሩ ሁሉ ልቡ ይርድ ነበር። ቆርቆሮ የገባ ዕለት ሴቱ እልል ያለው ለጌጥ መሰለህ?

እኔ ከጎጆው የምወድለት ሌላ ነው። አባቴ ቤት የሚቀልሰው ቦታውን ክረምት ላይ አይቶ ነበር። ውሃው በየት ይወርዳል፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል፣ ከብቱ የት ይውላል። ዙሪያውን ቦይ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ምሰሶ የሚተክለው። አሁን ሰዉ ቦታ የሚገዛው በበጋ ነው፤ ፕላኑ የሚሠራው ቢሮ ተቀምጦ ነው። ሐምሌ ሲመጣ «ውሃ ገባብን» ይላል። ውሃው ድሮም መንገዱ ነው።

ወለልና ጣሪያ

እትዬ፣ እኔ በትምህርት ቤት በብዙ ሴሚስተር የተማርኩትን በአንድ አንቀጽ ጨረሱት።

አርክቴክት ነኝ፤ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። የመንቆረር ልጅ፣ እኔ ስለ ፀሐይዋ ልንገርህ፤ ፕላንህ በጣም የሳታት እሷን ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ አዘንብላ 56 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ትሆናለች። በሰኔ ደግሞ አናትን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች።

ይህ ለቤትህ ምን ማለት ነው? ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ቀኑ ግን ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። ያቺ ፀሐይ ያለችው በደቡብ ነው። ደቡብ በኩል ጥሩ መስኮት ካለህ እስከ ውስጥ ድረስ ትገባልሃለች። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ካገኘች ሙቀቱን ይዘውልህ ያመሻሉ። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ብቻውን ያስቆማታል። ምዕራብ ግን እንዲህ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው፤ ክፈፍ አይመልሳትም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የምዕራብ መስታወት ያለው ሳሎን እስከ ማታ አያስቀምጥም። ሰዉ ምን ያደርጋል? ወፍራም መጋረጃ ይገዛል። በውድ የገዛውን መስታወት በውድ መጋረጃ ይሸፍናል።

ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች የከሰዓቷ ፀሐይ ያን ያህል አትከብድም። የአንተ ችግር ሌሊት ነው። ነጠላ መስታወት የቀኑን ሙቀት ይዞ አያድርም። ያው ፕላን ባሕር ዳር ቢሆን በቀን ያቃጥልሃል፤ ማርቆስ ላይ በሌሊት ያንቀጠቅጥሃል። የሁለት ከተማ መሬት አንድ ፕላን አይወስድም ስል ለውበት ብዬ አይደለም።

አንድ የሚከብድ ነገር ግን አለ። ተዳፋቱን በአግድም ተከትለህ ረጅም ቤት ብትሠራ ፊቱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይሆናል። ፀሐይዋን ተከትለህ ወደ ደቡብ ብታዞረው ደግሞ ቤቱ ተዳፋቱን ይሰነጥቀዋል፤ ብዙ ቁፋሮ ይመጣል። ሁለቱ ይጣላሉ። እኔ ብሆን ቤቱን ለሁለት እከፍለው ነበር። የላይኛው ክንፍ ከመንገዱ ጋር እኩል ይቁም፤ የመኝታ ክፍሎች ይሁኑ፣ የጠዋት ፀሐይ ያግኙ። የታችኛው 1.5 ሜትር ዝቅ ይበል፤ ሳሎንና ማዕድ ቤት ይሁን፣ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ይይ። ወይራው መሀላቸው ይቁም። የሚያገናኛቸው ጣሪያ ያለው ደረጃ ነው፤ አንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 10 እርከን ይበቃዋል። ለጮቄ ሰፊ መስታወት አያስፈልግም። በሰሜን በኩል ትክክለኛው ቦታ ላይ አንድ ጠበብ ያለ መስኮት በቂ ነው።

ወደ ምዕራብስ ቢሆን ዛሬ የምታየው ገደል ነው፤ ነገ የታችኛው ጎረቤት ጂ ፕላስ 2 ቢያቆም ግን የምታየው የእሱን ብሎኬት ነው።

ታላቁ ወንድም

ሰላም። «ዶዘር አስገባና ገላግለን» የተባልኩት እኔ ነኝ። ሊንኩን የአጎት ልጅ ላከልኝ። ስማችን በአደባባይ እየተነሳ ነው ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እናታችን ጉልበቷን ያማታል። 10 እርከን በቀን ስንት ጊዜ ትወጣለች? ሁለተኛ፣ ቤት የሚሠራው ለመኖር ብቻ አይደለም። ማከራየትም መሸጥም ሊመጣ ይችላል። ገዢ ሲመጣ መስታወትና ግራናይት ነው የሚያየው እንጂ ወይራ አይቆጥርም። አርክቴክቷ ያለችው ያምራል፤ ግን ሁለት ክንፍ ማለት ሁለት መሠረት፣ ሁለት ጣሪያ፣ ብዙ ግድግዳ ነው።

ወለልና ጣሪያ

ጋሼ፣ እንኳን መጡ። የጉልበቱ ጥያቄ ትክክል ነው። የእናታችሁን መኝታ ከሳሎኑ ጋር እኩል፣ ታች አድርጉት፤ መታጠቢያዋም እዚያው። ደረጃውን ልጆቹ ይውጡት። በእጃችሁ ያለው ጂ ፕላስ 1 እኮ ከ10 በላይ እርከን አለው፤ እዚያ ማንም አልቆጠረም።

ስለ ወጪውም አልሸሽም። ግድግዳው ይበዛል፣ እውነት ነው። ሙሌቱና ትልቁ የድጋፍ ግንብ ግን ይቀርላችኋል። ሁለቱንም በዝርዝር አስተምኑና አወዳድሩ። እኔ ሳላይ ይረክሳል አልልም።

ጢስ ዓባይ ማዶ

ስለ ቋጥኙ ማንም አላነሳም። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ፎሊንግዋተር የሚባል ቤት አለ። ባለቤቶቹ ፏፏቴውን ፊት ለፊት የሚያይ ቤት ነበር የጠበቁት። ራይት ቤቱን ፏፏቴው ላይ አቆመላቸው። እዚያ የነበረውን ቋጥኝ አልሰበረውም፤ ሳሎኑ ውስጥ፣ የእሳት ምድጃው ፊት፣ ወለል ሆኖ ቀረ። የመንቆረር ልጅ፣ ቋጥኝህን ለምን ሳሎን አታስገባውም?

ግንበኛው

ፏፏቴ ላይ ቤት! ጢስ ዓባይ ላይ እንዳትሞክረው ብቻ።

ወለልና ጣሪያ

የዚያን ቤት ታሪክ ሙሉውን እናውራ እንጂ። ወጣ ብለው የተንጠለጠሉት በረንዳዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጎብጡ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በብረት ገመድ ወጥረው ነው ያቆሙት። ዝናብ ያፈስ እንደነበርም የታወቀ ነው። ከተፈጥሮ ጋር መኖር ያለ ጥገና አይሆንም። ቋጥኙን ሳሎን ማስገባትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይመጣል። ከቤት ውጭ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት ደጅ ላይ ብትተወው ይሻላል። ቡና ማፍያ ይሆናል።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ነው፤ የቡርኪና ፋሶው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ። በ2022 እ.ኤ.አ. የአርክቴክቶችን ትልቅ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። ስሙ የተጠራው በተወለደበት መንደር በጋንዶ በሠራው ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው የአካባቢው ሸክላ አፈር ነው። ጣሪያው ያው እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ ነው። ልዩነቱ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ አንስቶ በቀጭን ብረቶች ላይ አስቀምጦታል። በመሀሉ ነፋስ ያልፋል። ትኩሱ አየር ክፍሉ ውስጥ አይታፈንም። ክፈፉም ሰፊ ነው፤ ግድግዳውን ከፀሐይም ከዝናብም ይጠብቃል። ሣር አላስመሰለም፣ ጎጆም አላስመሰለም።

ለዚህ ነው የፓራፔትህ ነገር ያናደደኝ። ከፓራፔት ጀርባ የተደበቀ ቆርቆሮ ውሃውን የሚያወርደው በቤቱ ውስጥ በኩል ባለ አሸንዳ ነው። የወይራ ቅጠል ይደፍነዋል፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ ይሞላል። ሞልቶ የሚፈሰው ወደ ኮርኒሱ ነው። እንደ ጎጃም ያለ ክረምት ባለበት አገር ጣሪያን መደበቅ አይገባኝም።

ባሕር ዳር 150 ካሬ

ይቺን አውቃታለሁ። ሐምሌ ላይ ሳሎናችን ውስጥ ባልዲ ነበር።

ወለልና ጣሪያ

ውሃውም ሀብት ነው። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ወደ 130 ሺህ ሊትር ነው። ሁሉን አትይዘውም፤ አብዛኛው የሚመጣው በክረምት ነው። አንድ 5000 ሊትር ሮቶ ከላይኛው ክንፍ ጣሪያ ሥር ብታስቀምጥ ግን ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት፣ ታችኛው ክንፍ ድረስ ይደርሳል። ዶዘሩ የሚያጠፋብህ አንዱ ነገር ይህ ቁልቁለት ነው።

ከእንጅባራ

ስለ ቀርከሃ አንድ ቃል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ስትሄዱ በመንገዱ ዳር የምታዩት ወንበርና አጥር ብቻ አይደለም ጥቅሙ። ለኮርኒስ፣ ለምዕራብ መስኮት መከለያ፣ ለተሸፈነው ደረጃ ጎንና ጎን ይሆናል። ቤቱን አሸክሙት ግን አልልም።

ልጅ ቀርከሃ አትግዙ፤ 3 ዓመት ያለፈው ነው የሚጠነክረው። በበጋ የተቆረጠ ይሁን። ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የደረቀውን ነቀዝ ቶሎ አይበላውም። መሬት እንዳይነካ፣ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ይሁን። ይህን ሳያደርጉ ይሠሩትና «ቀርከሃ አይረባም» ይላሉ።

የደብሩ ልጅ

ሁላችሁም ስለ ቤቱ ታወራላችሁ። ከቤቱ ውጭ ያለውስ? ከአውሮፕላን ሆነህ ጎጃምን ስታየው የታረሰ ማሳ መሀል አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ይታያል። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቅደሱ፣ ቅድስቱ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ከዚያ ቅጽሩ፣ ከዚያ ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው። ዛፉ የሕንጻው አንድ ክፍል ሆኖ ነው የተቆጠረው። ዘጌም እንደዚያ ነው። እዚያ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ስለሆነ ሰው ቤቱን የሚሠራው ቡናው ጥላ ሥር፣ ጫካው ውስጥ ነው።

የእኛ የከተማ ግቢ ግን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ነው። ውሃ የሚሰርግበት ስንዝር አፈር አይተዉም። አጥሩ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ብሎኬት፣ አናቱ ላይ የሾህ ሽቦ። በዚያ ውስጥ ሆኖ ስለ «ቪው» ማውራት ምን ይባላል? 150 ካሬው ወንድሜም አንድ ቁራጭ መሬት ሳይለብስ ቢተው አንድ ዋንዛ ይበቅልበታል።

ባሕር ዳር 150 ካሬ

ዋንዛ ይቅርብኝ፤ ከሴፕቲኩ ጋር ይጣላል። ሎሚ እተክላለሁ።

የመንቆረር ልጅ

ሁለቱ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከላይ 1 ሜትር ያህል ቀይ አፈር ነው፤ ከዚያ የበሰበሰ ድንጋይ ተገኘ። ታችም ቀይ አፈር ነው፤ ጉድጓዱ እስከሚያልቅ መረሬ የለም። ፕላኑን የሠራልንን ሰው ቦታው ድረስ መጥቶ እንዲያይ ጠየቅነው፤ ሊመጣ ተስማምቷል። ሁለት ክንፍ የሚለውን ሐሳብ ወንድሜ በግማሽ ልብ ተቀብሏል።

ታላቁ ወንድም

በሩብ ልብ። ዝርዝር ዋጋው ይምጣና እናያለን። ፓራፔቱ ግን ቀርቷል፤ የባልዲዋ ታሪክ አሸንፋኛለች። ደቡብ በኩል የተባለው መስኮት ትልቅ ከሆነ ለምዕራቡ መስታወት አልከራከርም።

ግንበኛው

ቀይ አፈር ከሆነ መልካም። ወይራው ይቁም። ሥሩን ግን ጠብቁት፤ ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ድረስ መሠረት አትቆፍሩ፣ አሸዋና ድንጋይም አታራግፉበት። አፈር ግንዱ ላይ ከተቆለለ ዛፉ ሳይቆረጥ ይሞታል።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከላይ ከመንገዱ የሚመጣው ጎርፍ ዛሬ በቦታችሁ መሀል አልፎ ነው የሚወርደው። ቤቱ ሲቆም በጎን በቦይ ታሳልፉታላችሁ። በቦይ የሄደ ውሃ ደግሞ ተሰብስቦ በአንድ በኩል ነው የሚወጣው። ታች ያለው ጎረቤት ማን ነው? መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩ። ቦዩ በማን ወሰን አልፎ የት እንደሚያርፍ አሁን ይወሰን፤ ሐምሌ ላይ የሚጀመር ንግግር ጠብ ነው።

የመንቆረር ልጅ

አክስታችን ናት።

ታላቁ ወንድም

ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናታችን ጋር አትነጋገርም። በዚችው ወሰን ጉዳይ።

የደጀኗ

እንግዲያው ቦዩን ተዉትና መጀመሪያ ሽማግሌ ፈልጉ። ለእርቁ ቀን ስትቆርጡ ደግሞ ከግንቦት አታሳልፉት።